ግራ ክንፍ አርባ፣ ቀኝ ክንፍ አርባ

ባሌ ግርማይ ዕቃ ሲገዛ አብራችሁት ወጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ስለ ትዕግሥቴ እናንተው መስክሩልኝ። እኔ ከእሱ ጋር ገበያ መውጣት ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው ትራስ ሲገዛ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀለሙን ያያል፣ ይዞ ይሄዳል። ግርማይ ትራሱን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ከዚያ ጣቱን ያነሣና ስፖንጁ ወደ ቦታው እስኪመለስ በልቡ ይቆጥራል። ቶሎ ከተመለሰ «ይኼ ግልፍተኛ ነው» ይላል። ከዘገየ «ይኼ ሞቷል» ይላል። ባለሱቁ ክው ብሎ ያየዋል፤ እኔ የማላውቀው ሰው መስዬ ወደ ጎረቤት ሱቅ እገባለሁ።

ሥራው ነው፤ በዚህስ አልፈርድበትም። ከልጅነቱ ጀምሮ የባጃጅ ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። ወልድያ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍራችሁ መቀመጫው ካልቆረቆራችሁ የግርማይ እጅ ነክቶታል ማለት ነው። አባቱ ከትግራይ መጥተው እዚሁ ጨው ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። እሱ ተወልዶ ያደገው ጎንደር በር ሰፈር ነው፤ አማርኛው ከእኔ ከጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ ይልቅ የወልድያ ነው። ረጋ ያለ፣ ዓይን አፋር፣ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ እንደሚያቃጥለኝ ግን ዛሬ ልናገር።

ጦርነቱ ወልድያ የገባ ጊዜ የአባቱን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መጡና የስፌት መኪናውን ጭነውበት ሄዱ። እነሱ ከወጡ በኋላ ደግሞ የእኔን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መጡና «መኪናህን ለማን ሰጠህ?» ብለው ጠየቁት። ግርማይ ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ዝም አለ። ባዶ ሱቁን ከፍቶ ይውላል፣ የተቀደደ ወንበር በእጁ በመርፌ ይጠቅማል፣ ማታ ይመጣል፣ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ እርጉዝ ነበርኩ፤ እርጉዝ ሴት ከዝምተኛ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትውል ምን እንደምትሆን ያየ ያውቀዋል።

በመጋቢት ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ሴት ልጅ ወለድኩ። ወለድኩ ስል በኦፕራሲዮን ነው ያወጧት። እናቴ ወይዘሮ ፋንቱ ከገጠር አብሽና የተፈተገ ገብስ ተሸክማ ልታርሰኝ መጣች። ቤቱ ሙቅ በሙቅ ሆነ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ልጅቷ ብቻ ጡት መያዝ አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁስሌ እታች ሆዴ ላይ ነው፤ ልጅቷን ጭኔ ላይ ሳስተኛት እግሯ ቁስሉን ይመታዋል። ወደ ላይ አንሥቼ ልያዛት ብል ክንዴ ይዝላል። ጎንበስ ብል ስፌቱ ይጎትተኛል። እኔ ስሸሽ እሷ የጡቱን ጫፍ ብቻ ትይዛለች፣ ይሾልካታል፣ አየር ትውጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ደክሟት ትተኛለች። ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ከግርማይ ጋር ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመዝናት ሁለት ኪሎ ተኩል ሆና ተገኘች።

መዛኟ ሲስተር ዘነበች ቀጥተኛ ሴት ናት። «ወተት አለሽ። ችግሩ አያያዝ ነው። ልጅቷ ጉልበቷን የምትጨርሰው ጡቱን ስትፈልግ ነው» አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችን፣ ግርማይም በስልኩ አነሣው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት የጎበጠ ትራስ ነው። በወገብ ዙሪያ ይገባል፤ ልጁ እላዩ ላይ በጡት ትክክል ይተኛል፤ ቁስሉን የሚነካው ነገር የለም። «የማጥቢያ ትራስ ይባላል። ባታገኙም የሚመስለውን ፈልጉ። ዓርብ መልሳችሁ አምጧት፤ ካልጨመረች ወደ ደሴ እጽፍላችኋለሁ» አለች።

ደሴ ለሌላ ሰው ከተማ ነው። ለእኛ በዚያ ሰሞን ኬላ ነበር። ከወልድያ እስከ ደሴ በየኬላው ሰው ይወርዳል፣ መታወቂያ ይታያል፤ ባሌ መታወቂያውን ሲያወጣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ሁለት ጊዜ ከመንገድ መልሰውታል። ስለዚህ ደሴ ከተጻፈልን የምሄደው ብቻዬን ነው፤ ያልዳነ ሆዴንና የተራበች ልጄን ይዤ። ዓርብ ልጄ መጨመር ነበረባት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እንግዲህ ምርጫው ተጀመረ። መጀመሪያ የራሳችንን ትራስ ሞከርን፤ ጥጡ ከዘመን ብዛት ተጓጉሎ ሁለት ጉብታ ሠርቷል፤ ልጅቷ በመካከሉ ትሰጥማለች። ቀጥሎ የእናቴን ጋቢ አራት አጥፈን ሞከርን፤ ለአምስት ደቂቃ ደህና ነው፣ ከዚያ ልጅቷን ይዞ ይንሸራተታል። በሦስተኛው አንዲት ጎረቤት ረጅም የባልና ሚስት ትራስ አዋሰችን፤ ጫፉ ቁስሌ ላይ ተቀመጠ፤ የዚያን ቀን ያልጠራሁት ታቦት የለም።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል?» አለች እናቴ። «እኔ ስምንት ልጅ በዚህ በጉልበቴ ነው ያሳደግሁ።»

«አንቺ ሆድሽ አልተቀደደማ፣ እማዬ።»

ሥዕሉን ከግርማይ ስልክ ላይ ሳሳያት ደግሞ ባሰባት። «ይኼ ቀንበር ነው። ገና ክርስትና ላልተነሣች ልጅ ቀንበር ታሸክሟት?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ማክሰኞ ግርማይ ገበያ ወጣ። ጠዋት የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን መጣ።

«የታል?» አልኩት።

«አንድ አግኝቼ ነበር፤ ድብ የተሣለበት። ውስጡ ቁርጥራጭ ነው፣ ስፌቱም ነጠላ ነው። ሌላ ሱቅ ያለው ደግሞ ስፖንጁ ሞቷል።»

«ለባጃጅ መሰለህ እንዴ ግርማይ? ለልጅ ነው።»

«ለልጅማ ከሆነ የባሰ መጠንቀቅ ነዋ» አለኝ፤ ቁጭ ብሎም ጫማውን መፍታት ጀመረ። ጫማውን ሲፈታ ሳየው ሊያመልጠኝ የነበረውን ስድብ ማርያም ትወቀው። ልጄ በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደቀነሰች እያሰብኩ እሱ ስፌት ይቆጥራል። ድብም ይሁን ጅብ፣ ይዞልኝ ቢመጣ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ «አብዱልሐሊም ይሠራዋል» አለ።

አብዱልሐሊም የመርሳ ሰው ነው። ከግርማይ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሱቅ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሰፍተዋል። ጦርነቱ ሲቃረብ እሱ መኪናውን በአህያ ጭኖ ወደ መርሳ ወሰደና በላስቲክ ጠቅልሎ ማንጎው ሥር ቀበረው። ግርማይ ግን «ስፌት መኪና ማን ይወስዳል?» ብሎ ቀረ። ዛሬ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ በመርፌ ይጠቅማል።

የስልክ አገልግሎት ወደ ከተማው ከተመለሰ ብዙ አልቆየም፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ በዚያ ላይ አብዱልሐሊም የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነው የሚያወራው። ግርማይ ግቢው መካከል ቆሞ ይጮኻል። እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ትለቅማለች። አሁን ልብ በሉ። ባሌ በአማቱ ፊት «ጡት» የሚለውን ቃል ከሚያወጣ ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል።

«የማጥቢያ ትራስ» ይላል። «ማጥቢያ... አዎ፣ ማጥቢያ። እሱ ነው። ጻፍ፤ ግራ ክንፍ አርባ፣ ቀኝ ክንፍ አርባ፣ መሃል ሃያ አምስት። ጠንካራውን ሙላው። ሐሙስ ጠዋት ይድረስ፤ ዓርብን ካለፈ ዋጋ የለውም።»

በእነሱ ሥራ የወንበር ግራና ቀኙ ክንፍ ይባላል። እኔ የወንበር ሰፊ ሚስት ነኝ፤ ምንም አልመሰለኝም።

«አብሽር ወንድሜ፣ ወላሂ ሐሙስ ጠዋት እጅህ ይገባል» አለ አብዱልሐሊም፤ ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ሰውየው ቃሉን የሚጠብቅ ነው፤ ሐሙስ ማለዳ ሠርቶ ጨርሶ ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠው። እንደ ልማዳቸውም ትእዛዙን በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ዕቃው ላይ ሰፋው። ካርቶኑ ዛሬም እጄ ላይ አለ። እንዲህ ይላል፦ «የማጥቂያ ትራስ። ግራ ክንፍ 40። ቀኝ ክንፍ 40። መሃል 25። ጠንካራው ይሞላ። ሐሙስ ጠዋት። ከዓርብ አይለፍ። ለግርማይ፣ ወልድያ።»

አንዲት ፊደል። «ቢ» በነበረችበት «ቂ» ገባች፤ ማጥቢያው ማጥቂያ ሆነ። በኋላ አብዱልሐሊምን «ማጥቂያ ትራስ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ ወይ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እኔ እኮ ለጥበቃ የቆሙት ሰዎች ሲተኩሱ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት መስሎኝ ነው። በዚህ ዘመን ምን ያልተሰፋ ነገር አለ እቴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልፍረድበት?

ሐሙስ ጠዋት ግርማይ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ልጅቷ ያን ቀን ማልቀስ እንኳ ትታለች፤ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ስልኩን ብደውል ዝግ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ሞገስ እባላለሁ፣ ከኬላው ነው የምደውልልሽ። ግርማይ የሚባለው ባለቤትሽ ነው?»

«ነው። ምን ሆነ?»

«ማጥቂያው የምንድን ነው?»

«የምን ማጥቂያ?»

«እሱም እንዲሁ ነው የሚለው» አለና ዘጋው።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። ሾፌሩ መናኸሪያ ሲደርስ «ዕቃህ ከተማው መግቢያ ላይ ባለው ኬላ ተይዟል» ብሎ ለግርማይ ነግሮታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔው ግን በገዛ እግሩ ጅቡ ቤት ሄደ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ ቀረበላቸው። ቢያንስ ለእኔ ደውሎ ቢነግረኝ ምን አለበት? «አራስ አይረበሽም ብዬ ነው» አለኝ በኋላ። ረጋ ያለ ሰው ነው አላልኳችሁም?

ልጄን በነጠላ ጠቅልዬ ብድግ ስል እናቴ በሩ ላይ ቆመች። አራስ ከቤት አትወጣም። ያውም ያልተጠመቀች ልጅ ይዛ። ያውም በቀትር፣ ጋኔን በሚያገኝበት ሰዓት።

«ጋኔኑ ከኬላው አይብስም እማዬ፤ ዞር በይልኝ።»

ፊቴን አይታ ዞር አለች። ብቻ «ቆይ፣ ማሰሪያዋ ላልቷል» ብላ የልጅቷን መጠቅለያ እንደገና አጠበቀችው። እኔም ችኩል ነኝ፤ ምን እንደምታደርግ ልብ ብዬ አላየኋትም።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ወንበሩ የግርማይ ሥራ አልነበረም፤ በየጉድጓዱ ሁሉ ሆዴ ነገረኝ።

ኬላው መንገዱን የዘጋ ገመድ፣ የቆርቆሮ ዳስና አንድ ጠረጴዛ ነው። ስምንት ሰዎች ጠመንጃ አንግተው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ትራሱ ተጋድሟል። ግራ ክንፉን በሳንጃ ሰንጥቀው ስፖንጁን አውጥተዋል፤ ቁራጭ በቁራጭ ለይተውም ደርድረውታል። ግርማይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ የፊጥኝ ታስሯል፤ ያሰሩበት ሲባጎ ትራሱ የታሰረበት የአብዱልሐሊም ሲባጎ ነው። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ «ለምን ወጣሽ?» ነው። አስቡት እስቲ።

ሞገስ ጠና ያለ፣ ፊቱ የገበሬ የሆነ ሰው ነው። በነሐሴ ወንድሙን በዚያው መንገድ ዳር የቀበረ መሆኑን በኋላ ሰማሁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ያን ሰዓት ግን የማየው ካርቶኑን ይዞ የሚያነብልኝን ሰው ብቻ ነው።

«ማጥቂያ ይላል። ግራ ክንፍ አርባ፣ ቀኝ ክንፍ አርባ፣ መሃል ሃያ አምስት። ጠንካራው ይሞላ። ሐሙስ ጠዋት። አርባው ምንድን ነው? ሰው ነው?»

«ሴንቲ ሜትር ነው» አልኩት።

«ሰውየው ‹ቂ› ሳይሆን ‹ቢ› ነው ይላል። ማጥቢያ። ማጥቢያ ምንድን ነው ስንለው ‹ለልጅ ነው› ይላል፤ ምን ያደርግለታል ስንለው ዝም ይላል።»

ወደ ግርማይ ዞርኩ። መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ። ይኼ ሰው ለሦስት ሰዓት ያህል እጁ የኋሊት ታስሮ፣ በስምንት ወንድ ፊት ያቺን አንዲት ቃል መናገር አፍሮ ተቀምጧል። ልጄ በረሃብ ድምፅ አጥታ እሱ ያፍራል። ልናደድ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም አደረግኩ።

«የጡት ማጥቢያ ነው» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። «ጡት። ሴት ልጇን ስታጠባ እዚህ ወገቧ ላይ የምታደርገው ነው። ጡት። ገባችሁ?»

ግርማይ ዓይኑን ጨፈነ። ከጠባቂዎቹ አንዱ «ለጡት ደግሞ ትራስ?» አለ። ሌላው «እናቶቻችን ያጠቡን በምን ትራስ ነው?» አለ። ይኼን ንግግር እኔ ከእናቴ ሰምቼ ጨርሼዋለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ላይ ያለ ሰው ምን ብትነግሩት ይሰማል?

«ተማክረውበት ይሆናል» አለ ሦስተኛው። «መጠቅለያው ይታይ።»

ሞገስ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ «እንግዲህ ሥርዓት ነው፣ አትቀየሚን እቴ» አለኝ። ልጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፖንጁ ቁርጥራጭ አጠገብ አስተኛሁና ነጠላውን ፈታሁ። ቢላዋ ዱብ አለ።

የእናቴ የሽንኩርት ቢላዋ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ስምንቱም ቢላዋው ላይ አፈጠጡ። አንድ ሁለቱ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እኔ በቃ አለቀልን አልኩ፤ ልጄን አንሥቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት።

ሞገስ ቢላዋውን አነሣው። ገለበጠው። እጀታውን አየ፤ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፤ አናታችን ላይ ናት። ከዚያ እኔን አየ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«ለጋኔኑ ብረቱን ማን አስያዘሽ?»

«እናቴ ናት መሰለኝ። እኔ አላየሁም።»

ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አራስ በቀትር ከቤቷ አስወጣን» አላቸው፤ ፊቱ ተለዋውጦ። «ፍቱት ሰውየውን።» ቢላዋውንም ከወደቀበት መጠቅለያ ውስጥ፣ በልጄ እግር ሥር፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠልኝ።

እንግዲህ ለሀገሬ ሰው ምን ይባላል? ትራሱን መሣሪያ ነው አሉት፤ ቢላዋውን አይተው አመኑን።

ልጄ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ የጠፋው ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔም ሌላው ሁሉ ቀረብኝ። የስፖንጁን ቁርጥራጭ በእፍኜ እያፈስኩ ወደ ተሰነጠቀው ክንፍ መለስኩት፤ ግርማይ በዚያ በደነዘዘ እጁ ስንጥቁን በሲባጎው ጠፍሮ አሰረው። ጠባቂዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ትራሱን ወገቤ ላይ አስገባሁ፣ ልጄን አስተኛኋት። ማንም ሳይላቸው ስምንቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተሰልፈው ቆሙ። ገመዱን የሚያነሣ ሰው ስለሌለ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ መቆም ጀመረ።

ያዘች። ጫፉን ሳይሆን በሙሉ አፏ ያዘች። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ቁስሌን የነካኝ ነገር የለም። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ወረደ። ደስታ ነው ልል አልችልም፤ ገና ንዴቱ አልወጣልኝም ነበር። እንባዬ ግን እላይዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ግራ ክንፉን ትንሽ ከፍ ብታደርጊው» አለ ግርማይ በሹክሹክታ።

«ግርማይ፣ ዝም በል።»

አልቸኮልኩም። ቀኙን ጨረሰች፣ ወደ ግራው አዞርኳት። አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ሞገስ ዞር ሳይል እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ግማሽ ሰዓት ያህል የመርሳን መንገድ ዘጋሁት። ሲያንሳቸው ነው።

ዓርብ ጠዋት ሲስተር ዘነበች ልጄን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። መርፌው ተወዛወዘ፤ ቆመ። «ሁለት ኪሎ ከአምስት መቶ ሠላሳ» አለች። ሠላሳ ግራም፤ እፍኝ ምስር አይሆንም። «ደሴ አያስፈልግም፤ ቀጥሉበት» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። ግርማይ የትራሱን ስፌት በአውራ ጣቱ እየዳበሰ «ነገ በድርብ እደግመዋለሁ» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቃል ወይ ያለቅሳል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሞገስ ነው፤ ጠመንጃ አልያዘም፤ በፌስታል አብሽ ይዟል። እናቴ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀበለችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ፤ ለግርማይም እጅ ነሣ። ተቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ቤታችን ውስጥ አንድ ዝምተኛ አይበቃም ነበር?

በመጨረሻ «ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ነው» አለ። «ያን ትራስ... ለእሷም ይሠራላት እንደሆነ ብዬ ነው።»

እኔ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ረጅም መልስ። ግርማይ ቀደመኝ። «ቁመቷ ምን ያህል ነው ጋሼ? ቀጭን ናት ወይስ ሞላ ያለች?» አለና ቁራጭ ካርቶን ሊፈልግ ተነሣ። በገዛ ሲባጎው ያሰረውን ሰው ጋሼ እያለ ልኬት ይጠይቃል። 

«ሰኞ ለአብዱልሐሊም ደውዬ አስሠራዋለሁ፤ ትራሱ እዚህ ይምጣና ስፌቱን እኔ አይቼ አስረክብዎታለሁ» አለው።

«ይሁን» አለ ሞገስ። «እንደ ባለፈው በአንተ ስም ይላካ፤ ባለሙያው አንተ ነህ።»

«በእርስዎ ስም ይሻላል» አለ ግርማይ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም አልቀየረም፤ ስለ ስፖንጅ ቁጥር እንደሚያወራ ነው የተናገረው። «በእኔ ስም የተላከ ትራስ አይደርስም።»

ሞገስ አንገቱን ደፋ። እናቴ ከጓዳ ሙቅ ይዛ ብቅ አለች። እኔም ያን ረጅም መልሴን ዋጥኩት።

ሰኞ ግርማይ ለአብዱልሐሊም ደወለ። በኬላው የሆነውን አልነገረውም፤ «ቢሰማ በእኔ ምክንያት ብሎ እንቅልፍ ያጣል» አለኝ። «እንደ ባለፈው ዓይነት ሌላ አንድ ሥራልኝ፤ ልኩ ያው ነው፤ ለሞገስ ብለህ ጻፍ» ብቻ አለው። አብዱልሐሊም ሱቁ ውስጥ ያስቀረውን የፊቱን ትእዛዝ ማስታወሻ እያየ በአዲስ ካርቶን ላይ ገለበጠው።

ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። ሞገስ ያን ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ነበር፤ ኬላው ላይ የቆሙት ሌሎቹ ናቸው። ግርማይ ከመናኸሪያ አምጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠውና ካርቶኑን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «የማጥቂያ ትራስ። ግራ ክንፍ 40። ቀኝ ክንፍ 40። መሃል 25። ጠንካራው ይሞላ። ሐሙስ ጠዋት። ከዓርብ አይለፍ። ለሞገስ፣ ወልድያ።»

ኬላውን ሲያልፍ ሲባጎው አልተፈታም ነበር።